ክቡር ትንሽ ይቀረዋል

በየሙያው ሥራ የማያልቅለት አንድ ሰው አይጠፋም። ቤት ስታሳድሱ ቀለም ቀቢው ነው፤ ልብስ ስታሰፉ ቁልፍ ተካዩ ነው። እኔ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዬን ላወጣ ስነሳ የደረሰኝ አቀናባሪው ነው። ሰውየው ስም አላቸው፤ ግን ማንም በስማቸው አይጠራቸውም። ሥራው የት ደረሰ ሲባሉ መልሳቸው አንድ ስለሆነ፣ ክቡር ትንሽ ይቀረዋል እንላቸዋለን።

ዘፈኑ የጭፈራ ነው፤ ከአንድ ዝነኛ ዘፋኝ ጋር በጋራ የሠራሁት። እሱን አገር ያውቀዋል፤ እኔን አክስቴ ታውቀኛለች። ፖስተሩ ተለጥፏል፣ ቅንጭቡ ከስልክ ስልክ ዞሯል፣ ዓርብ ይወጣል ተብሏል። ዝነኛውም ቁርጡን ነግሮናል፦ "ዓርብ ካልወጣ የኔን ድምፅ አንሱልኝ።" የሱ ድምፅ ከተነሳ ማን ይሰማኛል? አክስቴ ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ አዘጋጅታ ጠዋት ማታ ትደውላለች፦ "ወጣ?"

ክቡርነታቸው ግን አይቸኩሉም። ማክሰኞን ሙሉ ዘፈኑ ውስጥ የሚንቋቋ ወንበር ድምፅ ሲፈልጉ ዋሉ። የሚንቋቋው የተቀመጡበት ወንበር ነበር። ረቡዕ ታክሲ ውስጥ አስገቡኝና ሾፌሩን ለምነው ዘፈኑን በተቀደደ ስፒከር አስከፈቱት። አንዲት ተሳፋሪ "ደስ ይላል" አሉ።

"ለይሉኝታ ነው" አሉኝ በጆሮዬ። "ደርሷል፤ ትንሽ ብቻ ይቀረዋል።"

ያን ቀን በልቤ ያላልኳቸው ነገር የለም።

ሐሙስ ጠዋት ስልክ አላነሳ አሉ። እየሮጥኩ ቤታቸው ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ክቡርነታቸው ወለሉ ላይ በሆዳቸው ተኝተው የታላቅ እህታቸውን እግር ያያሉ። እህትየው ልብስ ሰፊ ናቸው። ቀኝ እግራቸው የማሽኑን ፔዳል ይረግጣል፤ ግራው ነፃ ነው። ዘፈኑ ተከፍቷል። ዝነኛው ሲዘፍን ግራ እግራቸው ነጠላ ጫማውን ከምቱ ጋር መታ መታ ያደርጋል። የኔ ተራ ሲደርስ ቀጥ አለ።

"ስንት ጊዜ ሞከሩት?" አልኩ።

"አሥራ አራት" አሉ ሳይነሱ። "እግር ይሉኝታ አያውቅም። ያ ዝነኛ ሰውዬ 'የሷን ክፍል ቁረጡት፣ አዝማቹ ላይ ብቻ ትግባ' ካለኝ ሳምንቱ። እንቢ ብዬው ነው የቆየሁት። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ድምፅሽን ሳጸዳ ሳጸዳ ነፍሱን አወጣሁት።"

"ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?"

"ነግሬሽ ብትፈሪስ?"

ተነሥተው ኮምፒውተሩን ነካኩ። የከፈቱት የመጀመሪያ ቀን የዘፈንኩትን ነው፤ በፍርሃት ድምፄ የተንቀጠቀጠበትን፣ "በእግዜር አጥፉልኝ" ብዬ የለመንኳቸውን። አላጠፉትም። ተራዬ ደረሰ። የእህትየው እግር ቆመ። ከዚያ ነጠላ ጫማው መታ አለ፤ ደገመ።

እህትየው ቀና ሳይሉ "ይቺኛዋ ደግሞ ማናት?" አሉ። "ከዚያችኛዋ ትሻላለች።"

ዓርብ ወጣ። አንዱ "ልጅቷ ምን ሆና ነው የምትንቀጠቀጠው?" ብሎ ጻፈ፤ ሌላው እዚያችው የተንቀጠቀጥኩባት ቦታ ላይ ሲጨፍር ራሱን ቀርጾ ለቀቀ። እሱን አይተው ብዙዎች ተከተሉት። አክስቴ በሦስት ስልክ እየከፈተች እይታ ስታስቆጥር ሰነበተች። ዝነኛውም ደወለ፦ "ሁለተኛ እንሥራ። በሁለት ቀን የሚጨርስ አቀናባሪ አግኝቻለሁ።"

"ከጋሼ ጋር ካልሆነ ይቅርብኝ" አልኩት። ዘጋው። ቀኑን ሙሉ ምን ነካኝ እያልኩ ስልኩን ሳይ ዋልኩ። ማታ መልሶ ደወለና "እሺ፣ የፈለግሽው ይሁን" አለ።

ይኸው አራት ወር ሆነን። ትናንት አክስቴ ደወለች።

"ሁለተኛውስ ወጣ?"

"ደርሷል አክስቴ" አልኳት፤ "ትንሽ ብቻ ይቀረዋል።"