ሦስት እርምጃ የጎደለበት የቄስ ቤት

ቤት ልግዛ ብሎ የተነሳ የቶሮንቶ ሐበሻ ሁሉ ከኤጀንቱም ከኢንስፔክተሩም ይልቅ የሚፈራው አንድ ሽማግሌ አለው። ሽማግሌው ግድግዳውን ያላንኳኳው ቤት ኋላ ያፈሰሰ እንደሆነ ወቀሳው ስለማያልቅ፣ ሁላችንም ይዘነው እንሄዳለን።

የኛው ክቡር የግድግዳ ዐቃቤ ሕግ አቶ ወልደገብርኤል ናቸው። አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት የግንባታ ፎርማን ነበሩ፤ አሁን እዚሁ ቶሮንቶ ሬክስዴል ሰፈር ጡረታ ላይ ሆነው የሰው ቤት ይጠረጥራሉ። ሜትር አይዙም። በእርምጃ ይለካሉ፣ በጣት አንጓ ይመረምራሉ። አዲስ ቀለም ካዩ “ምን ሊሸፍን ተቀባ?” ነው። አንዴ እኔ ቤት ሻይ ሊጠጡ መጥተው ፍሪጁን ከቦታው አስነሱኝ። ከኋላው ምንም የለም። “ለጊዜው” አሉ።

የኤርፖርቱ ባቡር ዌስተን መቆም በጀመረ ሰሞን፣ ኢቶቢኮ መጋዘን የምትሠራው ፋናዬ እዚያው ሰፈር ቤት አገኘች። እናቷ በሁለት ወር ውስጥ ከአገር ቤት ስለሚመጡ ተጣድፋለች፤ አቶ ወልደገብርኤልንና እኔን ይዛ ቤቱን ባየችበት ዕለት መፈረም ነበረባት። ቤቱ ድሮ የእንግሊዝ ቄሶች ይኖሩበት የነበረ ነው፦ ቀይ ጡብ፣ ሹል ጣሪያ፣ አምስት ረጃጅም ጭስ ማውጫ። አሁን ለስድስት መኖሪያ ተከፋፍሏል፤ እሷ የምትገዛው አንዱን ነው። ሲከፋፈል የመከፋፈያውን ግድግዳ፣ ድራይዎሉን፣ ከመቱት አንዱ እኔ ነበርኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

አቶ ወልደገብርኤል የቄስ ቤት ሲባሉ አማተቡ፣ መቃኑን ተሳለሙ፣ ወዲያው በጥፍራቸው ጫር አደረጉት።

“እውነተኛ እንጨት ነው” አሉ፣ ቅር ብሏቸው። “ለአንድ ቄስ አምስት ጭስ ማውጫ?”

“አንክል፣ ቢግ ፋሚሊ ነበራቸው” አለ ያፌት። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ኤጀንት ነው።

“ቤተሰብ አይደለም የበዛባቸው። ምሥጢር ነው።”

ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ረገጡት፦ አሥራ አራት። ወጥተው በዝናብ የውጩን ግድግዳ ረገጡ፦ አሥራ ሰባት።

“ሦስት እርምጃ በልታችኋል።”

“ዎሉ ቲክ ስለሆነ ነው፣ አንክል። ኢንስፔክሽን ፓስ አድርጓል።”

“ልጄ፣ የሦስት እርምጃ ግድግዳ እስር ቤትም የለው።”

ትንሿ መኝታ ቤት ገብተው የኮሪደሩን ጫፍ የዘጋውን ግድግዳ አንኳኩ። ከበሮ ሆኖ መለሰ። ዞረው ያፌትን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

“አንተ የሙያው ሰው ነህ። ምን ትላለህ?”

ፋናዬም አየችኝ። እስክሪብቶው እጇ ላይ ነው።

“የሠራተኞች ደረጃ ነበር” አልኩ። “ቄሱና ቤተሰቡ በፊት ለፊቱ፣ ገረዶቹ በዚህ ይወጡ ነበር። አለቃዬ ዝጋው አለኝ፣ ዘጋሁት። ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ባዶ ነው። በየፎቁ እሳት የሚያግድ ነገር መግባት ነበረበት፤ አልገባም።”

“ታች እሳት ቢነሳስ?” አሉ ሽማግሌው።

“ሽቅብ ይስበዋል።”

ፋናዬ ክፍሉን ዙሪያውን አየችው። “እናቴ እዚህ ነበር የምትተኛው” አለች። እስክሪብቶውን ለያፌት መለሰችለት። ያፌት ስልኩን ይዞ ወጣ።

መኪና ውስጥ ስድባቸውን ስጠብቅ ነበር። ሬክስዴል ልንደርስ ስንል፣

“ስንት ጊዜ ተሸከምከው?” አሉኝ።

“ሁለት ዓመት።”

“እኔም አዲስ አበባ የዘጋኋት አንድ ግድግዳ አለችኝ” አሉ፣ በመስኮቱ እያዩ። “ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው።” የት እንደሆነች አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጣታቸው ግን የመኪናውን በር ማንኳኳት ጀምሯል።

ፋናዬ ለከተማው ስላመለከተች ሻጮቹ ግድግዳውን ለማስከፈት ተገደዱ። በየፎቁ የደፈንኩት እኔው ነኝ፣ የከተማው ኢንስፔክተር በአንድ በኩል፣ አቶ ወልደገብርኤል በሌላው ቆመውብኝ። ፋናዬ ፈረመች፤ እናቷም ከገቡ ሰነበቱ።

ዛሬም ግድግዳ ከመዝጋቴ በፊት እደውልላቸዋለሁ። በሁለት ባስ ይመጣሉ፣ ጭንቅላታቸውን አስገብተው ያያሉ፣ በጣት አንጓቸው መታ መታ ያደርጋሉ።

“ለጊዜው ደህና ነው” ይላሉ።

ከሳቸው አፍ ይህ ምርቃት ነው። ድራይዎሉን የማነሳው ያኔ ነው።