ዳንቴል የለበሰው ፕሪንተር

በየሰፈሩ፣ ዕቃ የሚበላሸው ሲጠቀሙበት ብቻ ነው ብሎ የሚያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ሶፋው ከነላስቲኩ ያረጃል፤ ሪሞቱ በፌስታል ስለተጠቀለለ ቁጥሩ አይነበብም፤ የቡፌው ብርጭቆ ደግሞ አንድ እንግዳ ሳያስተናግድ ባለቤቱን ይቀብራል። በጌጃ ሰፈር የእነዚህ ሰዎች ሊቀመንበር ክብርት እትዬ ሀረገወይን ናቸው።

እትዬ ዕድሜ ልካቸውን በታይፒስትነት ያገለገሉ ሴት ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ቤት መዋሉ እንዳይከብዳቸው ብላ ናዝሬት የምትባለው ልጃቸው፣ ከሚሊኒየሙ ማግስት፣ ኮምፒውተርና ባለቀለም ፕሪንተር ገዛችላቸው። እትዬም ፕሪንተሩን በፌስታል ሸፈኑት፤ በፌስታሉ ላይ ፎጣ፣ በፎጣው ላይ ራሳቸው የሠሩትን ዳንቴል አለበሱት። የሥራ ማመልከቻዬን ያትሙልኝ ብዬ ብለምናቸው፣ "ለቁም ነገር ይቀመጥ!" አሉኝ። የእኔ ሥራ ማግኘት ቁም ነገር አልነበረም። በየማለዳው ዳንቴሉን አራግፈው መልሰው ያለብሱታል፤ ጥገና ማለት ለእርሳቸው ይኸው ነው።

በመጨረሻ ቁም ነገሩ መጣ። የጎረቤታችን የአቶ ሙለታ ልጅ ሴና ልታገባ ሆነ። እትዬ ሴናን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አዝለው ያሳደጓት ናቸውና፣ "የጥሪ ካርዷን የማትመው እኔ ነኝ፤ ሌላ ቦታ ብትሄዱ ተቀያየምን!" ብለው አወጁ። አምቦ ላሉት ዘመዶች ካርዱ በማግስቱ በሰው ሊላክ ነው። ሁላችንም ተሰብስበን ሳለን ዳንቴሉ ተነሣ። ማሽኑ አጓራ፣ ወረቀቱን ጎተተ፣ ነጩን ወረቀት ነጭ እንደሆነ መለሰው። ሁለተኛው ወረቀት ላይ በሙሽራዋ ስም ቦታ አንዲት ቀጭን ሮዝ መስመር ወጣች።

"አንድ ቀን እንኳ አልነካሁትም እኮ!" አሉ እትዬ፣ ዳንቴሉን እንደያዙ። አንጀቴን በሉት።

ሰንጋ ተራ ፕሪንተር የሚጠግነው ቤካ ተጠርቶ መጣ። እትዬ አልነካሁትም ሲሉት፣ ዳንቴሉንም ማሽኑንም አየና፣ "እትዬ፣ ችግሩ እሱ ነው። አለመንካትዎ" አላቸው። ቀለሙ የሚወጣበት ቀዳዳ ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ሥራ ሲፈታ ቀለሙ እዚያው ይደርቃል። ለብ ባለ ውኃ ሲያረጥብ፣ በጨርቅ ሲያደርቅ፣ አሁንም ሲሞክር ቆይቶ የሴና ስም ቀይ ሆኖ፣ ከነአረንጓዴ ሐረጉ ወጣ። የዚያን ቀኑ እልልታ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ቤካ ሲወጣ፣ "ከእንግዲህ በሳምንት አንዴ ባለቀለም ነገር ያትሙበት። ሲጨርሱም በራሱ ቁልፍ ያጥፉት እንጂ ሶኬቱን አይንቀሉ፤ ቀዳዳውን ከድኖ የሚተኛው በቁልፉ ሲጠፋ ነው" አላቸው።

"እንዲሁ በከንቱ?" አሉ እትዬ፣ እንጀራ ወደ ደጅ ይጣሉ የተባሉ ያህል ደንግጠው።

በከንቱ ማተምስ አልሆነላቸውም። ስለዚህ በየቅዳሜው ሰው እየፈለጉ ደስታ መግለጽ ጀመሩ። የጎረቤታችን የማናለብሽ ልጅ አራተኛ ክፍል ገባ፤ ባለቢራቢሮ ወረቀት ደረሰው። አቶ ሙለታ የግቢያቸውን በር ቀለም ቀቡ፤ እንኳን ደስ ያለዎት ተባሉ። እኔ ከጉንፋን ስነሣ "እንኳን እግዜር ማረህ" የሚል፣ ጽጌረዳ የተሞላ ወረቀት በቤቴ በር ሥር ገባልኝ። ጉንፋኑ ይህን ያህል ክብር የሚገባው አልነበረም። ያም ሆኖ አንዱንም አልጣልኩም፤ ሰፈሩ ውስጥ የጣለም ሰው አላየሁም።

አንድ ቅዳሜ ብቅ ስል፣ እትዬ ማሽኑ ፊት ተክዘው ተቀምጠዋል።

"ዛሬ የምጽፍለት ሰው አጣሁ። ያመመው የለ፣ የወለደ የለ። ሊደርቅብኝ ነው!"

"ይነሡልኝማ" ብዬ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። "እትዬ ሀረገወይን፣ እንኳን የእኛ ጎረቤት ሆኑ" ብዬ ጻፍኩ፤ ዙሪያውን ባገኘሁት አበባ ሁሉ ሞላሁት። ቀልድ አልነበረም። እኚህን ሴት እወዳቸዋለሁ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስደው አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡት።

"ሰማያዊው ትንሽ ፈዘዝ ብሏል" አሉ ፊታቸውን ሳይመልሱ። "እስቲ አንድ ድገምልኝ።"