የባስልዮስ ጠበቃ

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ፊልም የሚያይና ፊልም ለሚያዩ ሰዎች ፊልም የሚያስረዳ። ሁለተኛው ዓይነት በየከተማው አንድ አይጠፋም። ገና መብራት ሳይጠፋ ከጎንዎ ተቀምጦ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ማን ማንን እንደሚገድል፣ ማን ማንን እንደሚያገባ፣ ፈረሱ የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ይናገራል። ዝም በል ቢሉት አይቆጣም፤ «እንዳይደናገሩ ብዬ ነው» ብሎ ያዝንልዎታል። በአዲስ አበባም በደብረ ማርቆስም ብዙዎቹን አይቻለሁ። የሁሉም አለቃ፣ የአስረጂዎች ሊቀ ሊቃውንት ግን ክቡር አቶ አካለ ወልድ ዘቢቸና ናቸው።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ቢቸና ላይ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርሁ። በየሁለት ወሩ አንዲት ላንድሮቨር ፊልም ጭና ትመጣለች፤ አንዳንዴ እኛን አስቀድማ ወደ ሞጣ፣ አንዳንዴ ሞጣን አስቀድማ ወደ እኛ። ትርኢቱ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ነው። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ይጋረዳሉ፤ ብርድ ልብስ ያመጣ ሰው በነፃ ይገባል። ጄኔሬተሩ ከአዳራሹ ጀርባ ስለሚያጓራ ከፊልሙ የሚሰማው ተኩስና የፈረስ ኮቴ ብቻ ነው። ቢሰማም እንግሊዝኛ ነው። ይህን ጉድለት የሚሞሉት አቶ አካለ ወልድ ነበሩ።

አቶ አካለ ወልድ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምረው፣ ኋላ ማመልከቻ ጸሐፊ የሆኑ ሰው ናቸው። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ለባለጉዳይ ይጽፋሉ። ከእንግሊዝኛ «የስ» እና «ኖ»ን ያውቃሉ፤ እነሱንም አንዳንዴ ያቀያይሯቸዋል። ይህ ግን አያግዳቸውም። የፈረንጁ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ጠብቀው በአማርኛ ይናገሩለታል። ፈረንጁ ሁለት ቃል ተናግሮ ሲጨርስ እሳቸው ገና መግቢያው ላይ ናቸው። ሽፍታው ባንክ ቤት ገብቶ ሽጉጥ ሲደግን «አመልካች ቤተሰብ አስተዳዳሪ መሆኔ ታውቆ» ብሎ ይጀምራል። ቆንጆዋ ልጅ ፍቅረኛዋን ስትሰናበት «መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ» ትለዋለች። ከነዚያ ፊልሞች አንዱን ኋላ አዲስ አበባ ሄጄ በሙሉ ድምፁ አየሁት። የአቶ አካለ ወልድ ይሻላል።

አሁን ወደ ባስልዮስ ልምጣ። በፊልሞቹ ሁሉ ውስጥ አንድ ሰው እንደሚመላለስ ያስተዋሉት እሳቸው ናቸው። አንድ ቅንድቡ ከሌላው ከፍ ያለ፣ አፍንጫው ረዘም ያለ ሰው። «ይህን ሰው ልብ በሉት!» ይሉናል። በአንዱ የከተማ በር ጠባቂ ሆኖ በፍላጻ ሞተ። በሌላው መጠጥ ቀጂ ሆኖ ብርጭቆ ሲያብስ በተባራሪ ጥይት ሞተ። የመርከብ ወጥ ሠሪ ሆነ፤ ማዕበል ወሰደው። ሰላይ ሆነ፤ ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ተገኘ። በሚቀጥለው ፊልም ጢሙን ለውጦ ይመጣና እንደገና ይሞታል፤ ከፊልሙ አጋማሽ አልፎ አያውቅም።

ፊልም አሳዪው ይግዛው አንድ ቀን ከፊልም መጽሔት የተቀደደ ገጽ አመጣ። የዚያ ሰው ፎቶግራፍ ነበረበት። አቶ አካለ ወልድ አስነበቡኝ። ስሙ ቫሲሌ ኮርዱን፣ አገሩ ሮማንያ፤ በጣልያን፣ በስፔን፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ሰዎች ፊልም ከሠላሳ ጊዜ በላይ ሠርቷል። ሮማንያን በካርታ አሳየኋቸው። በዚህ ባበቃ ደግ ነበር። እኔ ግን አዋቂ መምሰል አማረኝና «ሕዝቡም ኦርቶዶክስ ነው» ብዬ ጨመርሁ። ከዚያ በኋላ ለሆነው ሁሉ ጥፋቱ የኔ ነው።

«ኦርቶዶክስ!» አሉና ከወንበራቸው ተነሡ። «ቫሲሌማ ባስልዮስ ነዋ! እኔ ድሮም ፊቱን አይቼ ጠርጥሬ ነበር። እና መምህር፣ ይህን ያህል ከሠራ ከዋናዎቹ አንዱ ነው በለኛ?»

«አይደለም» አልኋቸው። «ዋናው ሰው ሌላ ነው። ግን እሱ በር ካልከፈተ፣ ካልቀዳ፣ ካልሞተ ፊልሙ አይሄድም።»

አቶ አካለ ወልድ ዝም አሉ፤ ይህ በዓመት አንዴ የሚሆን ነገር ነው። «እንደኔ ነዋ» አሉ ቆይተው። «ርስቱን የሚረታው ሌላ ነው። እኔ ማመልከቻው ላይ ስሜም የለ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባስልዮስ የቢቸና ሰው ሆነ፤ አቶ አካለ ወልድም ጠበቃው። አምስተኛውን ሞት የሞተው መነኩሴ ሆኖ፣ መርዝ ጠጥቶ ነው። በማግስቱ አቶ አካለ ወልድ መምሬ ወልደ ኪዳን ዘንድ ሄዱ። መምሬ «ኃጢአት እንዳይኖርበት ልመርምር» እያሉ አንድም ፊልም የማያመልጣቸው የደብሩ ቄስ ናቸው።

«አባ፣ ለባስልዮስ ፍትሐት ይደረግለት።»

«ማን ባስልዮስ? ያ ባለ ቅንድቡ?»

«አዎ። ጨዋታ እንደሆነ አጣሁት ብለው ነው? አላጣሁትም። ግን የክርስቲያን ልጅ አምስት ጊዜ ሞቶ አንዴም አልተፈታ።»

መምሬ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እሺ፣ የትኛውን ሞት ልፍታለት?» አሉ። «ተነሥቶ ለሚሄድ ሰው ፍትሐት የለም። ስታበቃ ስታበቃ ቤተ ክርስቲያኒቱን ልታስቅባት ነው!»

ነገሩ የከረረው ባላምባራስ ጓዴ ሲገቡበት ነው። ባላምባራስ ሁልጊዜ ከፊተኛው ወንበር ጭራቸውን ይዘው የሚቀመጡ፣ ዕድሜያቸውን በመሬት ክርክር የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። አቶ አካለ ወልድን ሳይሰድቡ ፊልም አይተው አያውቁም። የፍትሐቱን ልመና ሰምተው ኖሮ ገበያ መካከል ያዟቸው። መምሬም እኔም ነበርን።

«አካለ ወልድ፣ ያንተ ወገን ምን ዓይነት ሰው ነው? ወንድ ልጅ አንዴ ነው የሚሞት! ፈሪ ነው በለኝና ልረፈው።»

«ፈሪስ አይደለም ባላምባራስ። ቅን ስለሆነ ያጠቁታል። ግን ይበቃዋል፤ በሚቀጥለው ይድናል!»

«ባይድንስ?»

«ባይድን ከእንግዲህ ፊልም ፊት ትንፍሽ ብል አካለ ወልድ አይደለሁም!»

ባላምባራስ በክርክር ያረጁ ናቸውና ቃል ብቻ አልበቃቸውም። ወደ መምሬ ዞረው «አባ፣ ሰምተዋል፤ ይገዝቱልኝ!» አሉ። መምሬም የፍትሐቱ ነገር ገና ከሆዳቸው አልወጣም ነበርና መስቀላቸውን አንሥተው «በቃልህ እንድትጸና ገዝቼሃለሁ» አሉ። ገበያተኛው ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ በረደ። ግዝት ግዝት ነው፤ የርስት ግዝት፣ የፊልም ግዝት ብሎ ነገር የለም።

በወሩ ለመምህራን ስብሰባ ወደ ሞጣ ሄድሁ። ላንድሮቨሯ በዚያ ዙር ሞጣን አስቀድማ ስለነበር ፊልሙን ቀድሜ አየሁት። ፊልሙ ሦስት ጥቅል ነው። በአንደኛው ጥቅል ባስልዮስ ሠርግ ላይ ሲጨፍር ይታያል። በሁለተኛው ከድልድይ ላይ ተገፍትሮ ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ አይወጣም። ሦስተኛው ሌሎች ሰዎች ስለ ሌላ ጉዳይ ሲጣሉ ያልቃል። ያ ሁሉ «አመልካች»፣ ያ ሁሉ «መብቴ እንደተጠበቀ» ሊቀር መሆኑ ታየኝ። በየጊዜው ምነው ዝም ባሉ እያልሁ ስማረር የኖርሁ ሰው መሆኔንም ያን ጊዜ አስታወስሁ።

አሰብሁና ዘዴ መጣልኝ። ሠርጉ መጨረሻ ላይ ቢሆንስ? ሰውዬው ወንዝ ይገባል፣ ኋላ ደረቅ ልብስ ለብሶ ሠርግ ላይ ይጨፍራል። ዳነ ማለት አይደለም? እንግሊዝኛውን እንደሆነ የሚሰማ የለም። በማግስቱ ይግዛው ምሳ ሲበላ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ በጥቅሎቹ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፉትን ቁጥሮች አቀያየርሁ። አንድ የሚለውን ሦስተኛው ላይ፣ ሦስት የሚለውን አንደኛው ላይ ለጠፍሁት። አስተማሪ ነኝና ተማሪ እንዳያየኝ ግራ ቀኙን እያየሁ ወረድሁ።

ቢቸና ላይ አዳራሹ ሞላ፤ የመጣው ብርድ ልብስ ከመስኮቶቹ ቁጥር በለጠ። አቶ አካለ ወልድ ነጭ ለብሰው መጡ። መብራት ጠፋ፣ ፊልሙ ተጀመረ፤ ሠርግ! ባስልዮስ ሲጨፍር! መጨረሻ ላይ መምጣት የነበረበት ሠርግ መጀመሪያ ላይ መጣ። እኔ ክው አልሁ። ከፊት ደግሞ ባላምባራስ ጓዴ ጭራቸው ከእጃቸው ወደቀ። አቶ አካለ ወልድ ብቻ ደስ ብሏቸው ለሙሽሮቹ በባስልዮስ አፍ ምርቃት ያወርዱ ጀመር።

ድልድዩ መጣ። ባስልዮስ ወንዝ ገባ። ድፍን አዳራሽ ወደ አቶ አካለ ወልድ ዞረ።

«ቆዩ፣ ዋና ያውቃል» አሉ።

ሦስተኛው ጥቅል እስኪያልቅ ውኃ በታየ ቁጥር «ቆዩ፣ ይወጣል» ይላሉ። ጠላ ሻጯ ወይዘሮ ፈንታነሽ «ወጣ? ወጣ ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ፊልሙ አለቀ። አልወጣም። አቶ አካለ ወልድ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡና ማንንም ሳይሰናበቱ ሄዱ።

ከአዳራሹ ጀርባ ጩኸት ሰምቼ ብሄድ ባላምባራስ የይግዛውን ኮት አንቀው ይዘዋል።

«ሦስተኛውን አስቀድም፣ አንደኛውን መጨረሻ አሳይ አላልሁህም?»

«አስቀድሜያለሁ ጌታዬ! ሦስት የሚለውን ነው ያስቀደምሁት! ማርያምን!»

እኔ ያቀያየርሁትን እሳቸው መልሰው አቀያይረውታል። ባስልዮስን ሁለት ሆነን አድነን፣ ሁለት ሆነን ገደልነው። ተናዘዝሁ። ባላምባራስ ኮቱን ለቀቁና አፍጥጠው አዩኝ።

«እርስዎስ ለምን?» አልኋቸው። «ሊረቱት አልነበር?»

«ከሞጣ የመጣ ገበያተኛ ይሞታል ብሎ ነገረኝ። ኋላ ሳስበው፣ እሱ ዝም ካለ ማንን ልሰድብ ነው?»

በሁለት ወሩ ሌላ ፊልም መጣ። አቶ አካለ ወልድ ከቦታቸው ተቀመጡ፤ አፋቸው ግን በነጠላ ተሸፍኗል። ጄኔሬተሩ እንዲህ እንደሚጮህ ያን ቀን ነው ያወቅነው። ፈረንጆቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«ኧረ ምን አለች?» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። «ያ ደግሞ ማነው? የሚነግረኝ ሰው የለም?»

«ዝም ብለሽ እይ እንጂ!» አላቸው አንዱ ከኋላ።

«ሳይነግሩኝ ምኑን ልየው!» ብለው ብርድ ልብሳቸውን ከመስኮቱ አውርደው ወጡ። ብርሃን ገባ። ሌላውም ብርድ ልብሱን እያወረደ ተከተላቸው። ባስልዮስ በዚያ ፊልም ጋሪ ነጂ ነበር። ከጋሪው ወድቆ ሲሞት በግማሽ ብርሃን የደበዘዘ ሸራ ላይ ነው፤ ማንም ምንም አላለለትም።

በማግስቱ ባላምባራስና እኔ መምሬ ዘንድ ሄደን ግዝቱን ይፍቱ ብለን ለመንን፤ የሠራነውንም ነገርናቸው። መምሬ ብዙ ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ፈረዱ። ግዝቱ ይፈታል፣ ቀኖና ግን አለው፤ አቶ አካለ ወልድ በማይሆን ነገር ስለማሉ፣ እኛም የሰው ነገር በስውር ስለነካካን ለያንዳንዳችን አርባ ስግደት። ባላምባራስ ጉልበታቸውን ቢያመካኙም አልተሰሙም።

ቅዳሜ ጧት ሦስታችን ደጀ ሰላሙ ላይ ሰገድን። እኔ ወጣት ስለነበርሁ ቀድሜ ጨረስሁ። አቶ አካለ ወልድ ሃያ ስምንት ላይ ደርሰው ትንፋሽ አጥሯቸው ተቀመጡ። ምስጢሩን ልነግራቸው አጠገባቸው ሄድሁ፤ ድልድዩ ላይ እንደሚሞት ሞጣ ላይ አይቼ እንደነበር።

«እኔም አውቄ ነበር» አሉ። «ነጋዴዎች ሁሉን ነግረውኛል።»

«ታዲያ ምነው ቃሌን አንሥቻለሁ አላሉ? ባላምባራስ እንደሆኑ ይተዉልዎ ነበር።»

ላባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ሊሞት ነው ብዬ ልካደው፣ መምህር? እዚህ አገር ከኔ ሌላ ማን አለው?»

ተነሣሁና የቀራቸውን አሥራ ሁለት እኔ ሰገድሁላቸው።