ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ሰርቨር

ወንድምአገኘሁ፦ ዳንቴሉን ያንሱት ነው የምልዎት፣ እትዬ መዲና።

መዲና፦ ምነው፣ ቆሸሸ? ትናንት ነው ያጠብኩት።

ወንድምአገኘሁ፦ ስለ ንጽሕናው አይደለም። ሳጥኑ አየር ያጣል፤ ይታፈናል።

መዲና፦ ቴሌቪዥኑም ራዲዮኑም ለብሰው፣ እሱ ብቻ ራቁቱን ይቀመጥ? እንግዳ ቢመጣ ምን ይለኛል፣ ልጄ?

(የሚነጋገሩት በሞባይል ነው። እሱ ኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ቢሮው ውስጥ፤ እሳቸው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታቸው፣ ሳሎን ውስጥ።)

ወንድምአገኘሁ የአንድ ክር ፋብሪካ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ከደሴ ዙሪያ ለትምህርት ወደ ከተማ ሲገባ ያሳደሩት እትዬ መዲና ነበሩ፤ ከአምስት ልጆቻቸው ጋር አብልተው፣ ፈተና ሲደርስ እሱን ከቤት ሥራ ነፃ አውጥተው አስተምረውታል። እሳቸው እስከ ዛሬ ስድስተኛ ልጄ ይሉታል። እሱም ይወዳቸዋል፤ ዲፕሎማውን ከያዘ ወዲህ ግን ሲያናግራቸው ቃላቱን አንድ በአንድ እየለያየ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ሆኗል።

ሳጥን የሚሉት ሰርቨር፣ ማለትም ከሩቅ የሚታዘዝ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ስክሪን የለውም፣ ኪቦርድ የለውም፤ ቡፌው ጎን ቆሞ ሌት ተቀን ዝም ብሎ ያጉረመርማል። ወንድምአገኘሁ ሊኑክስ የሚባለውን በነፃ የሚገኝ ሥርዓት ጭኖበት፣ ጅዳ ያለው ልጃቸው ካስገባላቸው የቤት ስልክ ኢንተርኔት ጋር አገናኝቶት ሄደ። ውስጡ የአባቱ የመሪጌታ አግማስ ዜማ አለ፤ ድምፃቸው ሳይከዳቸው ብሎ ሁለት ክረምት ሙሉ የቀዳው ነው። ገጠር መብራት ስለሌለ የመሪጌታ ጾመ ድጓ እትዬ መዲና ሳሎን አደረ። እሳቸውም አማና፣ የሰው አደራ ነው ብለው፣ ልጅ በአጠገቡ ኳስ እንዲነካ እንኳ አይፈቅዱም።

በ2005 ዓ.ም. በዚያ ሐሙስ ደግሞ ሳጥኑ ከአማናም በላይ ሆኖ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ምርጥ ተሞክሮ የሚቀምር ኮሚቴ ሊመጣ ነው። ወንድምአገኘሁ ደሴ ያለን ኮምፒውተር ኮምቦልቻ ተቀምጦ፣ «ያለ ምንም የሰው ንክኪ» እንደሚያዝ በሦስት ገጽ ጽፎ አስገብቷል። ኮሚቴው ከወደደው የመረጃ ሥራ ሂደት መሪ ይሆናል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ለመለማመድ ብሎ ቢሞክር ግን ሳጥኑ አልመልስ አለ። የሰው ንክኪ ፍለጋ የደወለው ለዚህ ነው።

ወንድምአገኘሁ፦ እሺ፣ ዳንቴሉ ይቅር። መብራቱ አለ?

መዲና፦ አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ከሰኞ ወዲህ አልሄደም።

ወንድምአገኘሁ፦ (የኢንተርኔቷን ዕቃ ትንሽ መብራት ማለቱ ነው) አረንጓዴ ነው?

መዲና፦ ነጭ ነው እንጂ። አረንጓዴ አምፖልማ የሠርግ ቤት ነው።

ይህን ጊዜ ጠጋ ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር። እሱ ግን ጥፋቱ የት እንዳለ በልቡ ጨርሶ ነበር፤ ሰሞኑን ሳጥኑን ከሌባ ልጠብቅ ብሎ የመግቢያ ደንቡን ስላጠበቀው፣ የቆለፍኩት ራሴ ነኝ ብሏል። ስለዚህ እትዬ መዲናን ማስተማር ጀመረ።

ወንድምአገኘሁ፦ ይስሙኝ። ይህ ሳጥን ብዙ በሮች አሉት። እኔ የምገባው በሃያ ሁለተኛው ነው።

መዲና፦ እኔ የማውቀው ሁለት ነው። የፊቱና የጓሮው።

ወንድምአገኘሁ፦ የማይታዩ በሮች ናቸው። በዚያ ላይ እንደ ልብ መግባት የተፈቀደላት ሩት ብቻ ናት።

መዲና፦ (ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው) ሩት ማናት?

ወንድምአገኘሁ፦ የሁሉ አዛዥ ናት ይበሏት። ያሻትን ታስነሣለች፣ ያሻትን ታጠፋለች።

መዲና፦ በእኔ ቤት?

ወንድምአገኘሁ፦ ሰው አይደለችም እኮ፣ እትዬ መዲና። እኔው ነኝ። ሩት ሆኜ ነው የምገባው።

መዲና፦ አባትህ ያውቃሉ?

ሩት የኮምፒውተሩ አዛዥ የእንግሊዝኛ መጠሪያ እንጂ የሴት ስም አለመሆኑን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀበት። እሳቸው ገባኝ አሉት፤ አነጋገራቸው ግን እንዳልገባቸው፣ እንዲያውም ለመሪጌታ ነገሩን እንዴት አድርገው እንደሚነግሯቸው እያሰቡ እንደሆነ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ሳጥኑን ነቅለው እስከ ሠላሳ ቆጥረው እንዲሰኩት አዘዛቸው፤ ቆጥረው ሰኩት። ሌላውን ገመድ አውጥተው እንዲመልሱት አዘዛቸው፤ መለሱት። ሳጥኑ አጉረመረመ፤ ኮምቦልቻ ግን ምንም አልደረሰም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ወንድምአገኘሁ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ትዕግሥቱም አልቆ ነበር።

ወንድምአገኘሁ፦ እትዬ መዲና፣ እስከ ስምንት ሰዓት ካልመጣልኝ ጉድ ነኝ። ሹመቱም ቀረ፣ ስሜም ጠፋ።

መዲና፦ የቸገረህ መምጣቱ ነው?

ወንድምአገኘሁ፦ እሱ ብቻ። ከመጣልኝ ሌላው ቀላል ነው።

መዲና፦ እሱ ከሆነማ አብሽር፣ ልጄ። ኢንሻአላህ ይመጣል።

(ስልኩ ተዘጋ።)

ከዚያ በኋላ ቢደውል ቢደውል ሞባይላቸው አልሠራ አለ። ለምሳ አልወጣም። ለስምንት ሩብ ጉዳይ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኑርሁሴን ከሁለት አባላት ጋር ወፍራም መዝገብ ይዘው ገቡ። የፋብሪካውን የልማት ሠራዊት አመሰገኑ፤ አንድ ለአምስት አደረጃጀቱን አመሰገኑ፤ ከዚያ ወንበር ስበው እስቲ አሳየን አሉት። ወንድምአገኘሁ ላፕቶፑ ላይ የመግቢያውን ትእዛዝ ለመጨረሻ ጊዜ ጻፈ። ስክሪኑ ፈዞ ቆየ። አንድ መስመር ጽሑፍ ብቅ አለች፤ በሰው ፊት ስለነበረ ሳያነባት አለፋት። ከሥሯ «ጦሳ» የሚለው ቃል መጥቶ ትእዛዝ ጠበቀ። ጦሳ በደሴው ተራራ ለሳጥኑ ያወጣለት ስም ነው።

መጣ።

የዚያን ቀን እንዳሳየው ያለ ትርዒት በሕይወቱ አሳይቶ አያውቅም። ፋይል ፈጠረ፤ ተፈጠረ። አጥፋ አለው፤ ጠፋ። ሰዓት ስንት ነው ብሎ ጠየቀው፤ ሳጥኑ ልክ እንደ አቶ ኑርሁሴን የእጅ ሰዓት ነገረው። በመጨረሻ የአባቱን ዜማ ከፈተ፤ የመሪጌታ አግማስ ድምፅ ቢሮውን ሞላው። አንደኛው የኮሚቴ አባል ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ይኸን ሁሉ አገር ተራራ ወርዶ ድምፁ አለመጎርነኑ ይገርማል አሉ።

አቶ ኑርሁሴን ደሴ ላይ የሚረዳው ሰው እንደሌለ እርግጠኛ መሆን ፈለጉ። ወንድምአገኘሁ፣ አንዲት እናት አሉ፣ ግን ከማልበስና ከመወልወል ያለፈ አያውቁም ብሎ መለሰ። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ በሩ ተንኳኳና የጥበቃው ኃላፊ፣ እኚህ እናት ካላስገባችሁኝ አልሄድም አሉ ብሎ በሩን ከፈተ።

(እትዬ መዲና ይገባሉ። በላብ ተጠምቀዋል። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል።)

መዲና፦ አሰላሙ አለይኩም። ሚኒባሱ ኮምቦልቻን አልፎ ካራ ቆሬ የሚሄድ እየመሰለኝ ሁለት አሳለፍኩ እንጂ፣ ቀደም ብዬ እደርስ ነበር። ይኸው ወንዴ፣ መጣልህ።

(ብርድ ልብሱን ይገልጣሉ። ሳጥኑ ነው።)

የመሪጌታ ዜማ ገና አላቋረጠም።

ኑርሁሴን፦ ይህ ደሴ ያለው ኮምፒውተር ነው?

መዲና፦ አዎን። ከሾፌሩ ጎን፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ያመጣሁት። አልተንገላታም።

ኑርሁሴን፦ (ወደ ወንድምአገኘሁ ዞረው) እንግዲህ አንተ እስካሁን ስታዘው የነበረው ማንን ነው?

ወንድምአገኘሁ የላፕቶፑን የኢንተርኔት ገመድ ነቀለና ሰዓቱን ጠየቀው፤ ላፕቶፑ እንደ ቅድሙ ታዛዥ ሆኖ ነገረው። ያቺን ያላነበባትን መስመር ፈልጎ አነበባት፤ መድረስ አልተቻለም ትላለች። ሳጥኑን ያዘጋጀው መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ ሠርቶ፣ እንዳለ በመገልበጥ ነበር፤ ዜማውም፣ ጦሳ የሚለው ስምም በሁለቱም ላይ አለ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከጉያው ያለውን ላፕቶፕ ደሴ ነህ እያለ ሲያዝ ነበር። ጆሮው ድረስ ቀላ፤ መሬት ብትከፈት ደስ ባለው።

ኮሚቴው ግን ባዶ እጁን መመለስ አይወድም። መዝገቡ ላይ ለዚሁ ተሞክሮ የተሰመረ፣ «ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የተላለፈ» የሚል ዓምድ ነበር፤ ለበላይ አካል የሚላክ ስለሆነ ክፍት አይተውም። አቶ ኑርሁሴን ብዕራቸውን አነሡና ጮክ ብለው እያነበቡ ጻፉ፤ «ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ፣ በዕለቱ፣ ያለ ምንም ብልሽት ተላልፏል።» ፈጻሚ አካል በሚለው ላይ የእትዬ መዲናን ሙሉ ስም ጠይቀው አስገቡ። የሥራ ሂደቱ መሪነት ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ወንድምአገኘሁ ሳጥኑን ተሸክሞ እስከ ሚኒባስ ማቆሚያው ሸኛቸው። ከማልበስ ያለፈ አያውቁም ያለው ነገር በር ላይ ሆነው ሰምተውት እንደሆነ አላወቀም፤ ሊጠይቃቸውም አልደፈረም። የኮምቦልቻ ፀሐይ ትከሻው ላይ ይንቀለቀላል። ሌላ ነገር አነሣ።

ወንድምአገኘሁ፦ ግን ጠዋት ምን ነክቶት ነው እምቢ ያለኝ? ያልሞከርኩት የለም።

መዲና፦ የቤት ስልኩ ስለሌለ ነዋ። ማክሰኞ መንገድ የሚቆፍሩት ሰዎች ሽቦውን በጥሰውት ሄዱ።

ወንድምአገኘሁ፦ (ይቆማል) ማክሰኞ? ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?

መዲና፦ ያየኸው መስሎኝ ነዋ፣ ልጄ። ኮምቦልቻ ሆኖ የቤቴን ሃያ ሁለተኛ በር የሚያይ ሰው፣ ደጃፌ ላይ የወደቀ ሽቦ ይጠፋዋል ብዬ እንዴት ላስብ?