ሊቀ ባሕር እንግዳው

ወሬ የትም ይጀመር የት፣ ጎትቶ ጎትቶ ራሱ ደጃፍ የሚያደርስ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የፍኖተ ሰላሙ መምህር እንግዳው ናቸው። ባዮሎጂ ያስተምራሉ። ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ትልቁ ውኃቸው ጣና ነው። ክንዳቸው ሲቆረጥ መልሰው ስለሚያበቅሉት የባሕር እንስሳት ሲናገሩ ግን ዛሬ ጠዋት ከባሕር ሥር የወጡ ይመስላሉ። ከተማውም ያለ ጥምጥም «ሊቀ ባሕር» ብሎ ሾማቸው።

የባጃጅ ስፖኪዮ ተገንጥሎ ሹፌሩ ሲራገም፣ ሊቀ ባሕር ቆም ብለው «ባሕር ውስጥ ቢሆን ይበቅል ነበር» ይላሉ። የጋሪ ጎማ ሲወልቅ ይኸው ነው። አንድ ቀን ጥርሱን የተነቀለ ባልደረባቸውን በዚሁ አጽናኑት፤ ሰውየው ሳምንት ሙሉ አኮረፋቸው።

ታዲያ የሹሩባ ሠሪዋን የሰብለን ሁለት የግራ እጅ ጣቶች የወፍጮ ቺንጋ ሲቆርጥባት፣ ጎረቤት ሁሉ «እባካችሁ እሳቸውን አታስገቡ» ተባባለ። ገቡ። «እግዜር ይማርሽ» እንኳ ሳይሉ «የባሕር ኮከብ የሚባል ፍጥረት አለ…» ብለው ጀመሩ።

እናቷ እናትነሽ ብድግ አሉ። «ኧረ በማርያም! የልጄ ጣት ተቆርጦ አንተ ስለ ዓሣ ታወራለህ?»

«ዓሣ አይደለም እትዬ፤ አከርካሪ የለውም።»

ሰብለ ሳቋ አመለጣት። ከአደጋው ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሳቁ ሲያልፍ ጭንቋ ተመለሰ። ሹሩባ ሦስት ዘለላ ነው፤ ቁስሏ ደርቆ ስትሞክረው ሁለቱን ትይዛለች፣ ሦስተኛው ያመልጣታል። ሌላ ሙያ የላትም። የሱቋን ቁልፍ በወሩ መጨረሻ ልትመልስ ለባለቤቱ ነግራዋለች።

ሊቀ ባሕር ይህን ሲሰሙ በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ ቃጫ ይዘው መጡ። ወንበር ላይ አሰሩና «ሥሪ» አሏት።

«በምኔ መምህር?»

«የባሕር ኮከብ ክንዱ እስኪበቅል ዓመትም ሊፈጅበት ይችላል። እስከዚያ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ በቀሩት ይሄዳል። የሸርጣንም አዲሱ እጅ መጀመሪያ ትንሽ ነው፣ ያስቃል። ግን እጅ ነው።»

ሦስተኛው ዘለላ አመለጣት። ወሬያቸውን ሳያቋርጡ በሁለት ጣታቸው ያዙላት።

በየቀኑ እንዲሁ ሆነ፤ እሳቸው ይዘው ያወራሉ፣ እሷ ትጎነጉናለች። ከቃጫው ወደ ጠጉር ሲዞሩ፣ የሊቀ ባሕር ራስ መላጣ ስለሆነ የልጃቸውን የሥርጉትን ራስ አዋሷት። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሰብለ ቁልፉን አልመለሰችም፤ ደንበኞቿም አንድ በአንድ መጡ።

ሦስተኛውን ዘለላ በትንሿ ጣቷ መያዝ ከቻለች አሁን ሁለት ሳምንት ሆኗታል። አልነገረቻቸውም። እሳቸው የሚመጡበት ሰዓት ሲደርስ ዘለላውን ሆን ብላ ትለቀዋለች።

ትናንት ሊቀ ባሕር ዘለላውን እንደያዙ ድንገት ዝም አሉ። ያልተለመደ ነገር ነው።

«ሰብልዬ፣ ይቅር በይኝ። ይህን ሁሉ ቀን ስለ ባሕር ሳወራ አንዱን ነገር ደብቄሻለሁ። የሰው ጣት እኮ አይበቅልም።»

ሰብለ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን ፈገግ አለች።

«አንቱ መምህር፣ ማን አለዎ አልበቀለም ብሎ? ይኸው ዘለላዬን ይዞልኝ! ጣት ደግሞ አያወራም፤ ዝም ብለው አጥብቀው ይያዙ።»