ስሙን ያልጠራሁት በሽታ

ወገን፣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ዛሬ ከሰዓት እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ከሞት ተነሥቻለሁ።

ሳልታመም!

አሁን ሳቅና እፍረት እየተጋፉብኝ ነው የምጽፈው። የሰፈሩ ወሬ ሳይቀድመኝ ከእኔው ከራሴ ስሙት ብዬ ነው።

እንደምታውቁት ቡቲክ አለኝ። ሌላውን ሳለብስ እውላለሁ፣ ለራሴ ግን ሆዴ ላይ በሰላም የሚያርፍ ቀሚስ ካጣሁ ቆየሁ። መንገድ ላይ የማላውቃቸው እናቶች «በሽልም ያውጣሽ» እያሉ ይመርቁኛል። እኔም «አሜን» እላለሁ። ምን ልበል ታዲያ? እማማ፣ ልጅ ሳይሆን ዳቦ ነው ልበል?

መረረኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ላይፖ ተሠራሁ። አዎ፣ ስቤን አስመጠጥኩ። ሳቁ፣ ግድ የለም።

ለእናቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም። እናቴ የምትኖረው ሮብ ገበያ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። ጤነኛ ሰው በገዛ ፈቃዱ ኦፕራሲዮን ይገባል ቢሏት አታምንም። ካመነች ደግሞ ትስቅብኛለች። የእናቴን ሳቅ አታውቁትም! አንድ ነገር ከያዘችባችሁ ለዓመት አትለቅም።

ከአዲስ አበባ ስመለስ ጎበጥ ብዬ ስሄድ ያየኝ ሰው ደወለላት። በማግስቱ ከች አለች።

ምን ሆንሽ አለችኝ። ትንሽ ኦፕራሲዮን አልኳት። የምን አለችኝ።

«የውስጥ ነው እማ፣ ተይው።»

ተይው! ምን አለ ምላሴን በቆረጠው?

አያችሁ፣ እኛ አገር ሰው በሽታውን በስሙ ይጠራል። ጨጓራ ከሆነ ጨጓራ፣ ሐሞት ከሆነ ሐሞት ይባላል። ኪንታሮት እንኳ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይነገራል። ስሙ የማይጠራው አንድ ብቻ ነው። ያ ክፉው።

እናቴ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም። እኔ ጅሏ ደግሞ ተገላገልኩ ብዬ ተመቻችቼ ተኛሁ።

አሁን ወደ መሠረት እንምጣ። ሐኪሙ እብጠቱ እንዲወርድ፣ ከቆዳ ስር የቀረውም ፈሳሽ እንዲሄድ በእጇ የምታሽሽ ባለሙያ ፈልጊ ብሎኝ ነበር። ጠይቄ ጠይቄ መሠረት የምትባል ፊዚዮቴራፒስት አገኘሁ። አዲስ አበባ ስትሠራ እንደኔ ዓይነቶቹን አሽታለች። እዚህ ከተማ ግን የሚያውቋት የተሰበረና ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ያለው ሰው ቤት ስትገባና ስትወጣ ነው።

ማሸት ስላችሁ ስፓ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ለስለስ አድርጋ ትዳብሳለች፣ እንቅልፍ ሁሉ ይወስዳል። ከዚያ የደደረውን ቦታ ታገኘዋለች።

ያኔ እጮኻለሁ።

ግድግዳዬ ደግሞ ከእትዬ ጥሩዓለም ቤት ጋር የጋራ ነው። እትዬ ጥሩዓለም በፍሳሽ ቦይ ምክንያት የተኳረፍኳቸው ጎረቤቴ ናቸው። ብንኳረፍም ጆሯቸው አላኮረፈኝም፣ ሁሉንም ይሰማሉ።

እስቲ ደምሩት። ስሙ የማይጠራ ኦፕራሲዮን አለ። ሽባ የምታክም ሴት ቤት ድረስ ትመላለሳለች። በግድግዳው በኩል ጩኸት ይሰማል። ሐኪሙ ሆዴ ላይ ያስታጠቀኝ ኮርሴት አንቆ ስለያዘኝ እህል ሲቀርብልኝ ሁለት ጉርሻ በልቼ እተወዋለሁ። ድምሩ ስንት መጣላችሁ?

ለእኔ ምንም አልመጣልኝም! ጠያቂ ሲበዛ ደስ አለኝ እንጂ። ሴቶቹ ትክ ብለው ያዩኛል፣ አይናቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። «ምነው እንዲህ ከሳሽ?» ሲሉኝ ፈገግ ብዬ «አመሰግናለሁ!» አልኳቸው። እነሱ ባሰባቸው። እኔ ከቅናት መስሎኝ ነበር፣ አፈር ልብላ።

እትዬ ጥሩዓለም ራሳቸው ዶሮ ወጥ ይዘው መጡ። ጉልበቴ ላይ ወድቀው፣ አርግዛለች ብዬ ያስወራሁብሽ እኔ ነኝ፣ ነፍሴን አሳርፊያት አሉኝ። ይቅር አልኳቸው። ወጡም ግሩም ነበር። ሰው እንዴት ጥሩ ሆነ ብዬ ተገረምኩ!

ዛሬ መሠረት መጥታ ማሸት ጀመረች። ሌላ ጊዜ ወሬ የማያልቅባት ሴት ወሬውን ትታ አንድ ነገር ነገረችኝ። እናቴ ግቢ ውስጥ አስቁማት፣ ልጄ ትተርፋለች ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ምን አልሻት?» አልኩ።

«የታካሚ ምስጢር አላወጣም አልኳቸው። ከቤቱ ኋላ ዞረው አለቀሱ።»

እንዴት እንደደነገጥኩ አትጠይቁኝ። እናቴ ሰሞኑን እህል ስትገፋ የፈቃድ ጾም የያዘች መስሎኝ ነበር። ሌሊት ስትነሣ የምሰማት ለጸሎት መስሎኝ ነበር። ሆዴ ባባ። የቀረችው ሆዴ።

መሠረት ዛሬውኑ ንገሪያቸው አለችኝ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። የደደረውን ቦታ ተጫነችው። ጎረቤት እስኪደነግጥ ጮኽኩ።

በሩ ተበረገደ።

የንስሐ አባታችን አባ መስቀላቸውንና ትንሽ የዘይት ጠርሙስ ይዘው ገቡ። ከኋላቸው እናቴ፣ ከእሷ ኋላ እትዬ ጥሩዓለም። ለካ እናቴ ጸሎተ ቀንዲል እንዲያደርሱልኝና ዘይቱን እንዲቀቡኝ ለምናቸው ነው የመጡት። ውጭ ቆመው መሠረት እስክትጨርስ ሲጠብቁ ያን ጩኸት ሰሙ። አለቀላት ብለው ገቡ።

እኔ ሆዬ ሆዴ ተገልጦ፣ በማሻ ዘይት ተለቅልቄ ተጋድሜያለሁ! መሠረት አንሶላውን ሳበችልኝ።

አባ አልጋዬ ዳር ተቀመጡ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ግድግዳውን ተደገፈች።

«ልጄ፣ ደዌሽን በስሙ ንገሪኝና ስለሱ ልጸልይ» አሉ አባ።

መሠረትን አየኋት። እሷ ጣሪያውን ታያለች። የተባረከ ዘይት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ልዋሽ? እኔም እንኳ ያን ያህል አልደፍርም።

«ቦርጭ ነው አባ።»



ያልሰሙኝ መስሎኝ ደገምኩት። ስቤን አስመጥጬ ነው አልኩ። ሌላ ምንም የለብኝም፣ ለቀሚስ ብዬ ነው አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ፣ ስለ ዳቦውም ተናዘዝኩ።

እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች። እኔን አላየችኝም። መሠረትን ነው ያየችው። ራሴን ነቅንቄ ለመሠረት ፈቀድኩላት።

«ጤነኛ ናት እማማ» አለች መሠረት። «ቁስሏም እየሻረ ነው። የምትጮኸው ሕመም ስለማትችል ነው።»

እናቴ እልል አለች!

ወገን፣ በቦርጭ እልል የተባለላት የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ወዲያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋን ለቀቀችው። ያንን ሳይ እኔም አለቀስኩ። ኮርሴቱ ነፃ ማልቀስ እንኳ አይፈቅድም።

የአባ ጢም ይንቀጠቀጣል። ሳቁን በመከራ ነው የያዙት። አሁን ያምሻል ወይ አሉኝ። መሠረት ስትነካኝ ያመኛል አልኩ። «ሕመም ካለማ ጸሎት አይከለከልም» ብለው አጠር ያለች ጸሎት ደግመው፣ በመስቀላቸው ባርከውኝ፣ ዘይቱን ለሌላ በሽተኛ ይዘውት ሄዱ።

እትዬ ጥሩዓለምስ? ይቅርታቸውን ይዘው እንዳይመለሱ ሰግቼ ነበር። በሩ ላይ ቆም ብለው «እና አላረገዝሽም?» ብለው ወጡ።

ሁሉም ሲሄድ እናቴ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እጇን ሆዴ ላይ አሳረፈች። ምነው ደበቅሽኝ አለችኝ። ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው አልኳት።

«እስቅብሽ ነበር» አለች። «ከአባትሽ ጎን የት ላይ እንደማስቀብርሽ ሳስብ ነው የከረምሁ። ሳቁ አይሻልም ነበር?»

እጇን ያዝኩ። ትንሽ ቆይታ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አሁንም የምታለቅስ መስሎኝ ቀና ስል ለካ እየሳቀች ነው። «ለቀሚስ!» ትልና ትስቃለች። ዓመት ሙሉ ትሳቅብኝ፣ መብቷ ነው። ከዚያ ለቅሶዋ በኋላ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ስቃ ስቃ ሲወጣላት አንድ ነገር ትዝ አላት። ለዲማ ጊዮርጊስ ጃንጥላ ተስላልኛለች። ልጄን ብታተርፍልኝ ብላ።

ይቅር እማ፣ እኔ እኮ አልታመምኩም አልኳት። ለምኜው የሰማኝን ልዋሸው ነው ወይ አለችኝ። ስለት ሲገባ ደግሞ ከምን እንደዳነ በሕዝብ ፊት ይነገራል። እሺ ግድ ከሆነ «ከደዌ» ብለሽ እለፊው ብዬ ለመንኳት።

«አንች ስሙን ደብቀሽ ምን እንዳመጣ አየን» አለች። «እኔ በስሙ ነው የምጠራው።»

እስቲ ምከሩኝ። ዲማ ድረስ ሄደን፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ ጊዮርጊስ ልጄን ከቦርጭ አዳነልኝ ሲባል፣ አብሬ እልል ልበል ወይስ ነጠላዬን ልከናነብ?