የመክፈቻ ያለህ!

(ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል፤ የሰፈሩ ቼዝ ክበብ። የጠዋት ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ የቦርዱን ነጭና ጥቁር ቤቶች አንድ በአንድ የሚቆጥር ይመስላል። ጥግ ላይ የመታጠቢያ ቤት በር አለ። ውድድሩ ሊጀመር ነው። ሊቁ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ነው። ትናንት በሰው ሁሉ ፊት «መክፈቻ የማያውቅ ሰው ካሸነፈኝ፣ ሊቁ የሚለውን ስሜን ይውሰድ» ብሎ ምሏል። ዛሬ ደግሞ ተጋጣሚ ሆኖ የደረሰው የእህቱ ባል ነው፤ ቁልፍ ሠሪው።)

ሊቁ፦ መክፈቻ አለህ ወይ ነው የምልህ!

ቁልፍ ሠሪው፦ አለኝ አልኩህ እኮ ጋሼ።

ሊቁ፦ ስንት?

ቁልፍ ሠሪው፦ ሰባት። አንዱ ጥርሱ ትንሽ ተበልቷል እንጂ ይሠራል።

ሊቁ፦ የምን ጥርስ? የቼዝ መክፈቻ ነው የምልህ! ጨዋታው ሲጀመር የምትጫወታቸው የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች!

ቁልፍ ሠሪው፦ እ! እሱንማ ሲደርስ አያለሁ።

ሊቁ፦ ሲደርስ ያያል! (ደብተሩን ከብብቱ ያወጣል) እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሸምድጄዋለሁ። ከእንቅልፌ ቀስቅሰህ «ገጽ አርባ ሁለት» ብትለኝ፣ አሥራ አራቱን እርምጃ ሳልተነፍስ እወርድልሃለሁ።

ቁልፍ ሠሪው፦ ሚስትህ ነግራናለች። በእንቅልፍ ልብህ «ፈረሱን አንሳ» እያልክ ትራሷን ትነጥቃታለህ አሉ።

ሊቁ፦ (ይስላል) ለመሆኑ አንተን ማን መዘገበህ?

ቁልፍ ሠሪው፦ የመታጠቢያ ቤቱን ቁልፍ ልሠራ መጥቼ፣ ተጫዋች ጎደለና «እባክህ ሙላልን» አሉኝ። ቅጽ መስሎኝ እሺ አልኩ። በነገራችን ላይ፣ ቁልፉ ገና አልተሠራም፤ ምላሱ ላልቷል። ከውስጥ እንዳትቆልፈው።

ሊቁ፦ እኔን ስለ በር ታስተምረኛለህ? ይልቅ ቶሎ ተሸንፈህ ወደ ሥራህ ሂድ።

ቁልፍ ሠሪው፦ እሺ ጋሼ። ግን ማስታወቂያውን አንብበኸዋል?

ሊቁ፦ አንብበኸዋል? ሃምሳውን ቅጂ ያወጣሁት እኔ ነኝ!

ቁልፍ ሠሪው፦ እሱንማ አውቃለሁ። አንብበኸዋል ወይ?

ሊቁ፦ ሃምሳ ጊዜ በእጄ አልፏል! «አደራደሩ በዕጣ ይሆናል» ይላል። ማን ከማን እንደሚገጥም ማለት ነው። ዕጣ አንተን ለእኔ ጣለ፣ አለቀ።

ቁልፍ ሠሪው፦ እኔ እንኳ ታች ያለውን ሳነብ ሌላ ነገር…

ሊቁ፦ አንተ አታንብብ! ተቀመጥ።

(የውድድሩ ዳኛ ኮፍያ ይዛ ትመጣለች፤ ተመልካቾች በሩ ላይ ይሰበሰባሉ። ውስጡ የተጠቀለሉ ስምንት ወረቀቶች አሉ።)

ሊቁ፦ ኮፍያው ምን ይሠራል? ቤት ውስጥ ፀሐይ የለ።

ቁልፍ ሠሪው፦ የኋላው ረድፍ ዕጣ ሊወጣ ነው።

ሊቁ፦ የኋላው ረድፍ? ተመልካቹ መቼ ተቀመጠና?

ቁልፍ ሠሪው፦ የተመልካች አይደለም፣ የንጉሡና የንግሥቷ፣ የፈረሶቹም። ወታደሮቹ ከፊት እንደ ወትሯቸው ናቸው። ከኋላቸው ያሉት ስምንቱ ግን የሚቆሙበት ቦታ በየጨዋታው በዕጣ ይወጣል፤ ለአንተም ለእኔም አንድ ዓይነት። «አደራደሩ» ያለው የሰውን አይደለም ጋሼ፣ የእነሱን ነው።

ሊቁ፦ (ዳኛዋ ዕጣውን እያወጣች ስትደረድር እያየ) ኧረ በሕግ አምላክ! ንግሥት ጥግ ላይ? ንጉሡስ ማን ገፍቶ ነው እዚያ የወሰደው?

(ወረቀቶቹ ወጥተው አልቀዋል። ሊቁ ቦርዱን ያያል፤ አንድ ሰው ወደ ገዛ ቤቱ ገብቶ አልጋውን ወጥ ቤት፣ ምድጃውን መኝታ ቤት ቢያገኝ እንዲህ ይሆናል። ለሌላው ዓይን ግን ነገሩ ያምራል፤ ጨዋታው ዛሬ ገና የተፈጠረ ይመስላል።)

ቁልፍ ሠሪው፦ ደብተሩን ብታስቀምጠው አይሻልም?

ሊቁ፦ ዝም በል! ገጽ አርባ ሁለት የትም ይሠራል። (ሳያይ አንዱን አንስቶ ያዘልላል)

ቁልፍ ሠሪው፦ ጋሼ… እሱ ንጉሥህ ነው። ንጉሥ እንደ ፈረስ አይዘልም።

ሊቁ፦ (መልሶ ያስቀምጠዋል) አውቃለሁ! አቧራ ላራግፍለት ነው። (ሌላ ይጫወታል) እነሆ፣ አንደኛ እርምጃ።

ቁልፍ ሠሪው፦ (ቦርዱን እንደ ተበላሸ ቁልፍ ጎንበስ ብሎ ያየዋል) ቆይ… ንግሥቴ ጥግ ላይ ናት። ከእሷ እስከ ንጉሥህ ደጅ ያለው ሰያፍ ልክ እንደ ኮሪደር ነው። በሩ ላይ የተገተረው የራሴው ወታደር ነው። ፈቀቅ ላድርገው።

ሊቁ፦ ሰው ዕቅዱን ጮክ ብሎ ያወራል?

ቁልፍ ሠሪው፦ ካላወራሁ ማሰብ አልችልም፤ ልማድ ነው።

ሊቁ፦ አውራ! ሁለተኛ እርምጃ… ሦስተኛ…

ቁልፍ ሠሪው፦ ፈረሴን ወደዚህ። አሁን ደግሞ የንጉሥህ ደጅ አጠገብ። አላየኸውም እንዴ?

ሊቁ፦ ገጹ ላይ እዚያ ፈረስ የለም!

ቁልፍ ሠሪው፦ ቦርዱ ላይ ግን አለ።

ሊቁ፦ የማንን ልመን? አሥራ አንድ ዓመት ያጠናሁትን ነው ወይስ አሁን ያየሁትን? አምስተኛ እርምጃ!

ቁልፍ ሠሪው፦ (ንግሥቷን በሰያፉ አንሸራትቶ ከንጉሡ ፊት ያቆማታል፤ ፈረሱ ይጠብቃታል) ቼክ ሜት… መሰለኝ። አንተ ታውቃለህ ጋሼ፣ ነው እንዴ?

(ዳኛዋ ቀርባ ታያለች። «ነው» በሚል ራሷን ትነቀንቃለች።)

ሊቁ፦ ይህ… ይህ ገጽ ስንት ላይ ነው?

ቁልፍ ሠሪው፦ ገጽ የለውም።

ሊቁ፦ ስሜስ?

ቁልፍ ሠሪው፦ ተወው ጋሼ፣ እኔ ምን ያደርግልኛል? ቁልፍ እንድሠራ የሚጠራኝ ሰው ግራ ይጋባል።

ሊቁ፦ መሐላ መሐላ ነው፤ ውሰደው! ግን ነገ ደንበኛ መጥቶ «ሊቁ አለ?» ሲል ምን ልበል?

ቁልፍ ሠሪው፦ «ቅጂው አለ» በለው።

(ተመልካቹ በሳቅ ይፈነዳል። የቀድሞው ሊቁ ደብተሩን አቅፎ ወደ መታጠቢያ ቤት ይሮጣል፤ በሩን ድርግም አድርጎ ይቆልፈዋል። ከቁልፉ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ይላል። ከዚያ እጀታው ብቻውን ይንቀጠቀጣል።)

የቀድሞው ሊቁ፦ (ከውስጥ) አንተ! በሩ እምቢ አለኝ!

አዲሱ ሊቁ፦ ከውስጥ እንዳትቆልፈው ብዬህ ነበር እኮ።

የቀድሞው ሊቁ፦ ኧረ የሰው ያለህ! የመክፈቻ ያለህ!

አዲሱ ሊቁ፦ (ቦርሳውን እየከፈተ) አይዞህ ጋሼ፣ ሰባት አለኝ። ገጽ ስንትን ልሞክርልህ?